ሦስት በሬና አንድ ጥጃ

ማክሰኞ፣ መስከረም 8

ልትሸጣት ነው! ቀዩዋን!

ወይዘሮ ጽጌ ዛሬ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝና፣ ሽንኩርት የምትሸጥ ይመስል ቀለል አድርጋ፣ "ዘለቀ፣ ያቺን የባለቤቴን መኪና ላወጣት ነው፤ የሚገዛ ሰው ካወቅህ ንገርልኝ" አለችኝ። የሚገዛ ሰው! እኔ ምንድን ነኝ፣ ፍየል ነኝ?

(ፊት ለፊት "እርስዎ" ነው የምላት፤ የአለቃዬ ሚስት ነበረች። እዚህ ደብተር ላይ ግን ማን ያየኛል።)

መጋዘኑን ከፈትን። አሮጌ የጥጥ ጆንያ ተከምሮባታል። አንስቼ አንስቼ ስጨርስ አፍንጫዋ ወጣ። ከዚያ ዓይኖቿ። ከመሪው ሥር ዶሮ እንቁላል ጥላለች። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ አስራ ሁለት ፒስተን፣ ሆዷ መሬት ሊስም የደረሰ። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ስሟን አልጽፈውም፤ የሰው ዓይን መጥፎ ነው።

የወይዘሮ ጽጌ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአባያ ሐይቅ በኩል የጥጥ እርሻ ነበረው። እኔ ኤንትሬ የተባለውን የጭነት መኪና እነዳለታለሁ፤ ቀዩዋን ራሱ ይነዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጥባት እኔ ነኝ። ስትበላሽ በኤንትሬው የምጎትታት እኔ ነኝ፤ እሱ ኮፍያውን አድርጎ መሪዋን ይዞ ይቀመጣል፣ የሚያየው ሰው የምትሄድ ይመስለዋል። አንድ ቀን እባክዎ ከዚህ እስከ በሩ ልንዳት ብለው፣ "ዘለቀ፣ ያንተ እጅ የጭነት እጅ ነው። ማርሿን ትሰብርብኛለህ" አለኝ። እሱ ሞተ። ያቺ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

እርሻው ሲወረስ ትራክተሩም ኤንትሬውም ሄደ። ቀዩዋን ግን የወሰዳት የለም። ካድሬው ገብቶ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩን ነካው፤ "ይቺ ለሰፊው ሕዝብ አትሆንም" ብሎ ወጣ። እንዲህ ነው የተረፈችው።

አንድ ነገር አየሁ። የነጂው ወንበር ቆዳ ተሰነጣጥቋል። የጎኑ ወንበር ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል።

ዋጋ ጠየቅሁ። የመስቀል ሰሞን ስለሆነ በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የሚቆጥረው በበሬ ነው። "ሦስት በሬና አንድ ጥጃ" አለች። ለምን ጥጃ? አልጠየቅሁም። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ረቡዕ፣ መስከረም 9

የልጅ ልጄ ሰናይት አዲስ አበባ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው፤ ለመስቀል መጥታለች። ማመልከቻ ማስገባት ደመወዝ ቢኖረው እስካሁን ቪላ ሠርታ ነበር።

ስለ ቀዩዋ ስነግራት እርሳስ አወጣች። እንደ እሷ አባባል ማንኛውም ዕቃ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ከዋጋው ይቀነሳል። የእርጅና ቅናሽ ይሉታል። ይቺ መኪና አዲስ ሆና ስትገዛ በዋጋዋ ሁለት ኤንትሬ ይገዛ ነበር። ዛሬ ሦስት በሬና አንድ ጥጃ። እኩያዋ የሆነች ቮልስ ደግሞ ዛሬም አስራ አምስት በሬ ታወጣለች።

"ታዲያ ይሄ ፍትሕ ነው? ቮልስ ከሷ ትበልጣለች?" አልኳት።

"አባባ፣ የቮልስ ዕቃ በየሱቁ አለ። የቀዩዋ የት አለ? መኪና ዋጋዋ ስትገዛት ብቻ አይደለም፣ ስታኖራት ነው።"

እሺ፣ ማኖሪያዋን ጻፍን፤

ጎማ፣ አራት። በዚህ ልክ አገር ውስጥ የለም።
ካንዴላ፣ አስራ ሁለት። ቮልስ በአራት ትሄዳለች።
ነዳጅ፣ ኤንትሬ ጥጥ ጭኖ የሚጠጣውን ይቺ ባዶዋን ትጠጣለች።
ዘይት፣ በጀሪካን።
ቦሎና ኢንሹራንስ፣ ያው እንደ ሰው።
መንገድ።

መንገድ ላይ ስንደርስ ሰናይት እርሳሷን አስቀመጠች። ሆዷ ድንጋይ ስለማይችል ቀዩዋ መሄድ የምትችለው ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሼቻ በምትወጣው አስፋልት ላይ ብቻ ነው። "አንድ ዳገት ለመመላለስ አስራ ሁለት ፒስተን!" አለች።

"አንቺ ሰውን በልኩ ነው የምትወጂው?" አልኳት። የረታኋት መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ አልቆየም። "እስቲ እኔን አስቢኝ፤ ስንት ቀረሁ?" ብላት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ቅናሹን የጨረሰ ንብረት ከመዝገብ እንዳይጠፋ ተብሎ በአንድ ብር ይያዛል። አንተ አንድ ብር ነህ አባባ" አትለኝም!

አንድ ብር። እራት ላይ ጨው ሲጎድል፣ "ከአንድ ብር ጋር አትከራከሪ" እያልኩ ስለፈልፍባት አመሸሁ።

ከጡረታዬ ያጠራቀምኩት የአንድ በሬ ዋጋ አለኝ። ሁለት በሬና ጥጃው ጎደለኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 10

ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የሚያመላልሰውን የፒካፕ ሾፌር ባትሪ ለመንኩት። አምስት ሊትር ቤንዚንም ሰጠኝ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቼ አጸዳሁ። ካርቡራተሩ ውስጥ የአይጥ ጎጆ ነበር፤ ቤተሰቡን በክብር ሸኘሁ።

መጀመሪያ አልሰማችኝም። ሁለተኛ አስነጠሰች። ሦስተኛ...

እንዴት ልጻፈው? ኤንትሬ ሲነሳ የሚያጉረመርም ሽማግሌ ነው። ይቺ ግን ተዘግታ ከርማ ድንገት መዝፈን ጀመረች። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ዶሮዋ በመስኮት ወጣች። እግሬን ከቤንዚኑ ላይ ሳነሳ ቀስ እያለች ትወርዳለች፣ ስጫን ደግሞ ትወጣለች። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሆኜ፣ ባልዲ ይዤ፣ እጄ ሳሙና ሆኖ በሩ ላይ ቆሜ ራሴን አየሁት።

አጠፋኋት። ቤንዚን ውድ ነው።

አርብ፣ መስከረም 11

ፍሬን ስሠራ ዋልኩ። አሁን ፍሬኗ ከእኔ ጉልበት ይሻላል።

ወይዘሮ ጽጌ በርጩማዋን አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አታወራም። ድንገት፣ "ቀለሟ አሁንም ቀይ ነው?" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ፣ "አይ፣ ከእርጅናዋ ብዛት ሮዝ ሆናለች" አልኳት። ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲያ ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 12

ዛሬ ተዋረድኩ። ግን ተናግሬያለሁ።

የመስቀል ማኅበራችን አርባ ቤት ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ እያዋጣን ለመስቀል ሦስት በሬ እንገዛለን፣ አርደን እኩል እንከፋፈላለን። ገንዘብ ያዡ አልታዬ ነው፣ ከጨንቻ የወረደው ሸማኔ። ቆሞ ሲያወራ እንኳ እግሩ የሸማውን መርገጫ ይፈልጋል። ዛሬ ስለ በሬ ግዢ ልንነጋገር ተሰበሰብን። ተመርቀን ከተቀመጥን በኋላ ተነሳሁ።

"ወንድሞቼ፣ ዘንድሮ በሬው ይቅርና መኪና እንግዛ። ጥጃዋን እኔ እችላለሁ።"

ከኋላ አንዱ፣ "ጥሬዋን ነው ወይስ ተጠብሳ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አልታዬ አልሳቀም። እሱ ካልሳቀ ነገር አለ ማለት ነው። "ዘለቀ፣ በሬ ገዝተህ ባታርደው ያርስልሃል። ባያርስልህ ቆዳው አለ። ይቺ ምን አላት?"

"ድምፅ አላት።"

"ድምፅማ ሚስቴም አላት።"

አሁንም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። በየተራ እንነዳታለን፣ ለሠርግ እናከራያታለን፣ ሙሽራ በሷ ይሄዳል እያልኩ ቀጠልኩ።

"ስንት ሰው ትይዛለች?" አለ አልታዬ።

"ሁለት።"

"እኛ አርባ ቤት ነን። በሬ እንኳን ለአርባ ቤት ይዳረሳል። ለመሆኑ ከመካከላችን መንዳት የሚያውቅ ማን ነው?"

እጄን አነሳሁ። ብቻዬን።

"እንግዲያስ በሬያችንን ሰጥተን አንተን ልናይህ ነው" አለ። እውነቱን ነው። ነገሩ እሱ ነበር።

ሦስት በሬ ተወሰነ። ስንወጣ አልታዬ ትከሻዬን ይዞ፣ "አይክፋህ ሾፌሬ። የአርባ ቤት ሕፃናት ሥጋ ሲጠይቁ ድምፅ አበላቸዋለሁ?" አለኝ። ጋቢዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ቤቴ ስገባ ግን የምመልሰው አራት ዓይነት ስድብ መጣልኝ። ሁሌ እንደዚህ ነው፣ ስድቤ በእግር ነው የሚመጣው።

ሰኞ፣ መስከረም 14

ደላላ መጣ። ከአዲስ አበባ። ጥቁር መነጽር፣ ሹል ጫማ። ወይዘሮ ጽጌ ለአውቶቡስ ሾፌር ነግራ ኖሯል፤ የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ሬዲዮ ነው።

እኔ መምጣቱን ቀድሜ ሰምቻለሁ። ማለዳ ገባሁና ሁለት የካንዴላ ሽቦ አቀያየርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሁለት ብቻ።

ደላላው ሲያስነሳት እንደ እኔ ክረምት ላይ አሳላት። ትንቀጠቀጣለች፣ ትተኩሳለች፣ ትጠፋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በሐዘን ራሴን እነቀንቃለሁ። "አይ የድሮ ልጅ! ልቧ ነው፣ ልቧ ሄዷል" እላለሁ። ደላላው ጎማዋን በእግሩ መታ። "እማማ፣ ይቺ እኮ ብረት ናት። ለብረትነቷ" ብሎ አንድ ዋጋ ጠራ። በኛ አቆጣጠር ሁለት በሬ። እሺ አትለውም ብዬ ሆዴ በሳቅ ሊፈነዳ ነው። እምቢ ስትለው ይሄዳል፤ እኔ ቀስ ብዬ በዱቤ...

ደላላው ነገ እመለሳለሁ ብሎ ወደ ሆቴሉ ሄደ። ወይዘሮ ጽጌም፣ "እንግዲህ ሁለትም ቢሆን እቀበላለሁ" አለች።

"ለምን? ምን አስቸኮለዎት?"

"ሐኪሙ ከጥቅምት አታሳልፊ ብሎኛል።"

"የምን ሐኪም?"

"የዓይን። ሞራ ነው። ግራው ከጠፋ ቆየ፤ ቀኙ ደግሞ ይኸው በጭጋግ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ይገፈፋል አሉኝ። ሦስቱ በሬ ለሕክምናው፣ ጥጃው ለመሳፈሪያና ለማረፊያ ነበር። እንግዲህ የጎደለውን እግዜር ያውቃል።"

ጥጃው ለመሳፈሪያ።

ቀለሟ አሁንም ቀይ ነው ወይ ብላ የጠየቀችኝ ለዚህ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሮዝ አልኳት።

ምሳም እራትም አልበላሁም። ሰናይት "አንድ ብሬ ምን ሆነ?" ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። በሁለት ሽቦ የሰው ዓይን ልሸጥ ነበር። ይኸው ነው የሆንኩት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 15

ገና ሳይነጋጋ ገብቼ ሽቦዎቹን ቦታቸው መለስኩ።

ደላላው ሲመጣ፣ "ጌታው፣ ትናንት ብርድ ላይ ነበረች፤ ዛሬ ይስሟት" አልኩት። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ወጣች፣ ወረደች፣ ዘፈነች። ደላላው መነጽሩን አወለቀ። ያኔ ተያዘ።

ከዚያ ምላሴን ፈታሁት። እንዴት እንደነበረች፣ እንዴት እንዳጠብኳት፣ ፍሬኗን፣ ቆዳዋን፣ አንድ ቀን እንኳ ዝናብ እንዳልነካት። እንዲህ አድርጌ የራሴን ልጅ አልዳርኩም። ከሶዶ ሌላ ገዢ መጥቷል ብዬም ጨመርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይሄኛው ውሸት ለጽድቅ ነው።

ሰናይት አብራኝ ነበረች። ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ አንዳንድ ዕቃ እስከ መጨረሻው ከወረደ በኋላ ተመልሶ መውጣት ይጀምራል አይደል? በተለይ ብዙ ካልቀረ። ውጭ አገር ይፈልጉታል ሲባል ሰምቻለሁ" አለችው። ደላላው ዝም አለ። ደላላ ዝም ካለ እውነት ነው።

አምስት በሬ!

አምስት። ወይዘሮ ጽጌ እጄን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ እጅጌዬን ያዘች። እንዳልታወቀባት ሆና እጅጌዬን ጨበጠችው። እኔም የያዘችው እጅጌዬን እንዳልሆነ ሆኜ ቆምኩ።

ደላላው የጭነት መኪና ይዞ ለቅዳሜ ይመለሳል። እስከዚያ አንድ ጊዜ ልንዳት ብለው፣ "አባት፣ አንድ ጭረት ቢወጣባት ዋጋዋ ይወርዳል። ተገፍታ ነው የምትጫነው፣ ማንም አይነዳትም" አለኝ። ሌላ አፍ፣ ያው ቃል።

ማጠብ፣ መጎተት፣ ማስነሳት፣ መሸጥ። ሁሉን አድርጌያታለሁ። አልነዳኋትም።

ሐሙስ፣ መስከረም 17

ዮ ማስቃላ! እንኳን ለመስቀል አደረሰን!

ደመራው ትናንት ጥሩ ነደደ። በሬዎቹ ታረዱ፣ ድርሻዬ መጣ። ቁርጥ በሚያቃጥለው ዳጣ ከቆጮ ጋር። ጥርሴ አራት ነው፤ ሥጋው ብዙ ነው፤ ተከባብረን አለፍን።

አልታዬ ድርሻዬን ራሱ ይዞ ነው የመጣው። ቅዳሜ የተቀየምኩት መስሎታል። ሁሉን ነገርኩት፣ ሽቦውንም። ሥጋውን አላመጠና፣

"ከአገር ልትወጣ ነው ማለት ነው?" አለ።

"ቅዳሜ።"

"ሶፌ ሳትወጣ?"

እነ አልታዬ አገር፣ ደጋው ላይ፣ አዲስ ያገባች ልጅ በመስቀል ሰሞን ቅቤ ተቀብታ ገበያ ትወጣለች። ገበያውን ትዞራለች፣ ሰው ሁሉ ያያታል፣ ይመርቃታል። ሶፌ ይሉታል። ያለ ሶፌ የሄደች ሙሽራ እንደ ተሰረቀች ናት።

"አንተ፣ መኪና እኮ ናት" አልኩት።

"ባለፈው ቅዳሜ ሙሽራ በሷ ይሄዳል ስትል አልነበር? እንግዲህ ራሷ ሙሽራ ናት። ያ ሰውዬ ብቻውን እንዴት ይጭናታል? የሚገፉለት እኛ አይደለን?" አለና ዳጣውን ጠረገ።

ይኼን ሰው ለምን እንደምወደው ረስቼ ነበር።

ቅዳሜ፣ መስከረም 19

ዛሬውኑ ልጻፍ።

ደላላው መጣ። የጭነት መኪናው ቆመ፣ ሳንቃው ተዘረጋ። የማኅበሩ ሰዎች መጋዘኑ በር ላይ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። "ግፉ እንጂ!" ይላል ደላላው። አልታዬ ወደ ፊት ወጣ።

"ልጃችን ናት። እዚህ ነው ያደገችው። ሶፌ ሳትወጣ አንሸኛትም።"

"ምንድን ነው የሚሉት እኚህ ሰውዬ?"

"ገበያውን ትዞራለች። ከዚያ እንገፋለን።"

ደላላው ለመነ፣ ተቆጣ፣ ገንዘብ አወጣ። ማንም አልተነቃነቀም። በመጨረሻ ሰዓቱን አየና፣ "አንድ ዙር! በቀስታ! ማን ነው የሚነዳት?" አለ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ባለፈው ቅዳሜ መንዳት የሚያውቅ ማን ነው ሲባል ብቻዬን ያነሳኋት እጅ ዛሬ ዋጋ አገኘች።

"ሙሽራ ያለ ሚዜ አትወጣም" አለ አልታዬ፣ ወይዘሮ ጽጌን ክንዷን ይዞ አመጣትና በጎኑ በር አስገባት። እዚያ አዲሱ ወንበር ላይ።

ከዚያ ነው ስህተቱ የመጣው። የሠራነው ስህተት ግን የኛ ብቻ ነው፣ ሌላ አገር ሰው አይሠራውም። ሙሽራ ቅቤ ትቀባለች አይደል? የገበያ ሴቶች በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። ኮፈኗን ቀቧት። ጣሪያዋን ቀቧት። ለምለም ሳር ጣሉባት። እልልታ! ደላላው፣ "ቀለሙ! ቀለሙ!" እያለ ራሱን ይዟል። "አይዞህ፣ ቅቤ ብረት አይበላም፣ ዝገት ነው የሚከለክለው" ይለዋል አልታዬ።

አስነሳኋት። በሁለት ጣቴ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። በሁለት ጣት! ሰምተኸኛል አለቃዬ? በጭነት እጄ።

ገበያውን ዞርን። ድንች ሻጯ፣ ጋቢ ሻጩ፣ ሙዝ የጫነው አህያ፣ ሁሉም መንገድ ለቀቁ። "ውለጂ! ክበጂ!" ይላሉ። መኪና ውለጂ ሲባል የሰማሁት ዛሬ ነው። ሰናይት ከጎን እየሮጠች ትስቃለች።

አንድ ዙር አለቀ። መቆም ነበረብኝ። እግሬ ግን ረሳ። ወደ ሼቻ የሚወጣው አስፋልት ከፊቴ ተዘርግቷል... ሁለተኛ ማርሽ። ደላላው በመስተዋት እያነሰ ሄደ።

ዳገቱን ስትጀምር ድምፅዋ ተቀየረ። መጋዘን ውስጥ የሰማሁት ማንጎራጎር ኖሯል፤ ዘፈኑ ይሄ ነው። ሦስተኛ ላስገባ ስል የአርባ ምንጭ ፀሐይ ሥራዋን ጀመረች። የጣሪያው ቅቤ ቀለጠና በፊት መስተዋቱ ላይ ወረደ። መጥረጊያውን ብከፍተው ጭራሽ ለቀለቀው። ከፊቴ ያለው ሁሉ ቢጫ ጭጋግ ሆነ። ዛፍ ይሁን ሰው፣ ላም ይሁን ቤት አይለይም። ሕይወቴን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት መንገድ ከፊቴ ሆኖ ላየው አልቻልኩም! አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ በኤሊ ፍጥነት፣ እየተሳደብኩ፣

"አይታየኝም! ምንም አይታየኝም!" አልኩ።

ወይዘሮ ጽጌ በጎን ሆና ቀጥ ብላ ወደ ፊት ትመለከታለች። ረጋ ብላ፣ "አይዞህ፣ እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማየው" አለች። "ቀስ ብለህ ንዳ። ያለው ነገር ራሱ ይመጣልሃል።"

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ያለው ነገር ራሱ መጣ፣ ጥላ እየሆነ፣ ከዚያ ሰው እየሆነ።

ሁለቱ ሐይቆች አብረው ከሚታዩበት ማጠፊያ ስንደርስ አንዴ አስነጠሰችና ጠፋች። ቤንዚኑ አለቀ። አምስት ሊትር እስከዚያች ድረስ ናት። ጠርዝ ላይ አቆምኳት። መስተዋቱን በጋቢዬ ልጠርግ ስወርድ "ተወው" አለችኝ።

ከዚያ ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችው። "እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ ታውቃለህ?"

"እንዴት?"

"አንድም ቀን። የፀጉርሽ ቅቤ ቆዳውን ያበላሻል ይለኝ ነበር።"

እሷ እየሳቀች ነበር። ቅቤው ከጣሪያው በበሩ ጠርዝ እየተንጠባጠበ፣ ወንበሩ ላይ፣ ቀሚሷ ላይ፣ እሷም በጣቷ እየነካች፣ እየሳቀች። ለካ ያችን መኪና ስመኝ የኖርኩት ብቻዬን አልነበርኩም። እኔ በሩ ላይ ባልዲ ይዤ፣ እሷ መስኮት ላይ።

"ሐይቆቹ ይታያሉ?" አለች።

"ይታያሉ። ጫሞ ሰማያዊ ነው። አባያ ቡናማ፣ ያው እንደ ድሮው።"

"ዛሬ ሮዝ አላልክም" አለች።

በኋላ መስተዋቱን በጋቢዬ ጠርጌ፣ ወደ ኋላ አንከባልዬ አዞርኳትና ቁልቁል ሞተር ሳይነሳ ወረድን። ፍሬን ብቻ ይዤ ለቀቅኋት። ድምፅ የለም፣ ነፋስ ብቻ። ደላላው ታች ሆኖ ራሱን እንደያዘ ነበር። ጭረት ፈለገ፣ የለም። ቅቤ ብቻ። የማኅበሩ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ገፍተው ጫኗት።

ስትሄድ አላየሁም። ዞሬ ነበር።

እሑድ፣ መስከረም 20

መጋዘኑ ባዶ ነው። ዶሮዋ ተመልሳ መሪው በነበረበት ቦታ ተቀምጣለች፤ አልገባትም። እኔም እንደዚያው።

ጋቢዬ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሰናይት ልጠበው አለች፤ እምቢ አልኳት።

ወይዘሮ ጽጌ ነገ በማለዳ አውቶቡስ አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ሰናይት ትሸኛታለች። ዓይኗን ሊገፍፉላት ነው። ዛሬ በአጥሩ ቀዳዳ ተጠራራን። በሰላም ይመለሱ አልኳት። ቶሎ አልሄደችም።

"ዘለቀ፣ እኔ አንተን በደንብ ካየሁህ ስንት ዓመት ሆነኝ?"

"እንጃ። ብዙ ቅናሽ ተደርጎብኛል" አልኳት፤ የአንድ ብሩን ነገር ነገርኳት። አጥሩን ይዛ ሳቀች።

"ስመለስ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው። ያኔ ስንት እንደምታወጣ እኔ ራሴ እነግርሃለሁ" ብላኝ ገባች።

ይሄው ከዚያ ወዲያ ሌላ ሐሳብ የለኝም። አሁን እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ጥርሴ አራት ነው። ጺሜ ነጭ ነው። ግንባሬ ከሼቻ መንገድ የበለጠ ማጠፊያ አለው። በቅቤው ጭጋግ ውስጥ እንዳለሁ ብቀር ይሻለኝ ነበር ይሆን? ደግሞ ታየኝ፣ አጥሩ ላይ ቆማ በጠራ ዓይን ስታየኝ፣ ሳትስቅ... ወይም እየሳቀች።

መስተዋት ፊት ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ። ጺሜን ልላጨው ወይስ ልተወው?

አልታዬን ልጠይቀው። አይ፣ ይስቅብኛል።